ለልጆች መጽሐፍ የሚበቃ የጎንደር ሥዕል

በሌላው ዓለም ብዙ የሕፃናት ሥዕላዊ መጻሕፍት እንደ አቴና ካሉ የጥንት ሴት አማልክት ተረት ይቀዳሉ። ጎንደር የራሷ ምንጭ አላት፤ ተአምረ ማርያምና ከእርሱ የተሣለው ሁሉ። እመቤታችን ለምእመናን እናትና አማላጅ እንጂ አምላክ አይደለችም፤ ታሪኳ ግን የሕፃንን ልብ ይገዛል።

በየካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ዕለት የሚተረከውን የበላዔ ሰብእን ታሪክ እንይ። 78 ሰው የበላው ይህ ሰው፣ ለተጠማ ለምጻም ስለ እመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ይሰጣል። ሲሞት ሥራው በሚዛን ይመዘናል፤ ጥላዋ በውኃው ላይ ሲያርፍ ምሕረት ይደፋል። ሠዓሊው ይህን ሁሉ በአንድ ሚዛን ያሳየናል፤ ፊደል ያልቆጠረ ልጅም ይረዳዋል።

በአገራችን ነባር ሥዕል ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ሕፃኑ ደጉን ከክፉው ለመለየት አስረጂ አያሻውም። በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን፣ የጎንደር ሠዓሊዎች ለፊቱ ጥላና ብርሃን፣ ለልብሱ ጌጥ ጨመሩለት። እቴጌይቱ ራሳቸው በጣናው ናርጋ ሥላሴ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለዋል።

ደራሲዎችና ሠዓሊዎች ሆይ፣ ለልጆቻችን መጽሐፍ ስታስቡ አስቀድማችሁ የጎንደርን ግድግዳዎችና ብራናዎች ተመልከቱ። ከዚያ የሚበልጥ መነሻ በሩቅ አገር አታገኙም።