የአንጥረኛው ሰምና የጧፉ ሰም

ስለ ቅኔ የሚጻፉ ሐተታዎች ብዙውን ጊዜ ከአንጥረኛ ቤት ይጀምራሉ። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርፅ በሰም ይሠራል፤ በሸክላ አፈር ይመርገዋል፤ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በባዶው ስፍራ ወርቅ ይፈስበታል። ምሳሌው መልካም ቢሆንም አንድ የተሳሳተ ግንዛቤ አስከትሏል። ይኸውም ሰሙ ወርቁ እስኪገኝ ብቻ የሚፈለግ፣ ከዚያ በኋላ የሚጣል ነው የሚለው ነው። አሜሪካዊው የኅብረተሰብ ጥናት ምሁር ዶናልድ ሌቪንም እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው፣ «ሰምና ወርቅ» ብሎ በሰየመው መጽሐፉ፣ ይህን የአነጋገር ስልት ከአሻሚነትና ሐሳብን ከመሸሸግ ጋር አያይዞታል።

የጎጃም ቅኔ ቤቶች ግን ሌላ ምሳሌ አላቸው፤ እርሱም ምስጢረ ሥጋዌ ነው። በተዋሕዶ ትምህርት ቃል ሥጋ ሆነ ሲባል መለኮት ሥጋን እንደ ካባ ደርቦ ኋላ አወለቀው ማለት አይደለም። ሳይቀላቀል፣ ሳይለያይ ተዋሐደው ማለት ነው። ሊቃውንቱ ለረጅም ዘመን የተከራከሩበት፣ በ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ የተቀመጠበት ጉዳይ በዚሁ ምስጢር ዙሪያ ነበር። ስለዚህ በዚህ ምስጢር ያደገ ባለቅኔ ሰሙን ንቆ ወርቁን ሊያከብር አይችልም።

ለዚህ አስተሳሰብ የሚቀርበው የአንጥረኛው ሰም ሳይሆን የጧፉ ሰም ይመስለናል። የጧፍ ብርሃን ከሰሙ ተለይቶ አይገኝም። ጧፉ የሚያበራው ለራሱ አይደለም፤ የሚያበራውም አካሉን እየሰጠ ነው። ክርስትና ምእመኑን ለሌሎች ብርሃን ሁን ሲለው የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ንግግርን ሳይሆን ኑሮን።

ይህን ሚዛን ይዘን ወደ ሐዲስ ዓለማየሁ እንመለስ። በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» የፊውዳሉን ሥርዓት የሚነቅፍ ልቦለድ መሆኑ ተደጋግሞ ተነግሯል። ነቀፋው ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን በአንድ መጣጥፍ ያልቅ ነበር። ጉዱ ካሣ ስለ ሥርዓቱ የሚናገረው እንደ ስብከት የማይሰለቸው፣ ተናጋሪው እብድ መባልን ተሸክሞ የሚኖር ሰው ስለሆነ ነው። በዛብህ በወላጆቹ ስእለት ለቤተ ክርስቲያን የተሰጠ የባላገር ልጅ ነው። ለሰብለ ወንጌል ፊደልን ያስተማረ እርሱ ሆኖ ሳለ፣ የልደት ደረጃ አይገባህም ይለዋል። የመደብ ልዩነት በእነዚህ ሁለት ወጣቶች ሰውነት ላይ ሕመም ሆኖ ይታያል። ሰሙን አቅልጠን ወርቁን ብቻ እንውሰድ ብንል በእጃችን የሚቀር ነገር አይኖርም።

ጸሐፊው ይህን የተማረው ከራሱ ስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ መንደር የዕውቀት ብርሃን ስለሚያመጣ መምህር ተውኔት ጽፌ ደጀን ላይ ታይቶ ነበር። ባለታሪኬ ረጅምና ያማረ ንግግር ያደርጋል፤ ተመልካቹም አጨበጨበ። ሲያበቃ አንድ አረጋዊ የቅኔ መምህር ጠርተው፣ «ልጄ፣ ይህ መምህርህ ከማን ተወለደ?» አሉኝ።

«የኔታ፣ የትውልዱ ነገር ለጭብጡ አያስፈልግም ብዬ ነው» አልኋቸው።

«እርሱስ እንኳ ከእናት ተወለደ» ብለው ዝም አሉ።

መልስ አልነበረኝም። የእኔ መምህር አይርበውም፤ አይፈራም፤ እናቱንም አይናፍቅም። ቃል ነበረ፤ ሥጋ ግን አልሆነም። መልእክቱን ካደረሰ በኋላ እንደ አንጥረኛው ሰም ቀልጦ የሚጠፋ ነበር።

ይህ ጉድለት የእኔ ብቻ አይደለም። ሐሳቡ ትክክል ከሆነ ሰውየው ቢጎድል ግድ የለም የሚለው እምነት ብዙ መድረኮቻችንን አደብዝዟል። ሐሳብ ትክክል መሆኑ ብቻ ኪነ ጥበብ አያደርገውም፤ ከአንዲት እናት መወለድ፣ አንድ መንደር መኖር፣ አንድ ሌሊት መፍራት አለበት። መምህሩም ሆነ ካድሬው የሚናገረውን በኑሮው ካላለበሰው፣ አድማጩ ዘንድ የሚደርሰው ድምፁ ብቻ ነው። ከጎጃም ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ ደጀን ላይ ደርሶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ማዶ ለመድረስ የሚሻ መጀመሪያ መውረድ ግዴታው ነው። ለሌሎች ላብራ የሚል ጸሐፊም እንዲሁ ነው።