ውሃ የሚይዘው ቆብ

ሐዋሳ፣ መናኸሪያ አካባቢ ባለ አንድ ሰፊ ግቢ ውስጥ ዶሮዎች ውሃ የሚጠጡበት ዕቃ ዓይኔን ያዘው። ግማሹ አፈር ውስጥ ገብቷል፤ ሆዱን ወደ ላይ ያደረገ የወታደር የብረት ቆብ ነው። «የባለቤቴ ነው» አሉ የቤቱ እናት። «በጃንሆይ ጊዜ ወታደር ነበሩ። የሰፈሩ ሰው ግን የጣሊያን ነው ይላል።»

«እማማ፣ ውሃ አያፈስም?»

«ኧረ ልጄ! ስንት ዘመን ሙሉ ጠብታ ወጥቶት አያውቅም።»

የጣሊያን እንዳልሆነ ያን ጊዜ አወቅሁ። በአገራችን ያረጀ ብረት ሁሉ ለጣሊያን ይሰጣል፤ እዚህ ደግሞ ሰው እንዲህ ማሰቡ አያስገርምም። ራስ ደስታ ዳምጠው በሲዳሞ ተራሮች ላይ የተዋጉት፣ ይርጋለምም ኅዳር 1929 ዓ.ም. በጠላት እጅ የወደቀችው ከዚህ ብዙ ሳይርቅ ነው። ነገር ግን ጣሊያኖች በፈረንጆች 1933 ያወጡት ቆብ ሦስት ቀዳዳ አለው፤ ሁለቱ በግራና በቀኝ፣ አንዱ ከኋላ። የውስጡን ቆዳ የሚይዙት ሪቬቶች መሐላቸው ክፍት ስለሆነ አየር ያስገባሉ፤ ቆቡ ከተገለበጠ ውሃም ያስወጣሉ። ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው የሶቪየት ቆብም በሪቬት የተበሳ ነው። የእንግሊዙ ደግሞ ከሩቁ ይለያል፤ ክንፉ የተዘረጋ ሳህን ይመስላል። በ1933 ዓ.ም. የሜጋን ከተማ ይዘው በደቡብ በኩል የገቡት የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች አገራቸው ውስጥ የተሠራው ቆባቸው ከኋላ በኩል ክንፉ ላይ ሦስት ቀዳዳ ተደርድሮበታል፤ ይህን ያየ ሰው የተሠራበትን አገር ለመናገር ማኅተም መፈለግ የለበትም።

እማማን አስፈቅጄ ውሃውን ደፋሁና በአመድ አሸሁት። አንድም ቀዳዳ የለውም። የልጅ ልጃቸው ከተበላሸ ራዲዮ የወጣ የድምፅ ማጉያ ማግኔት አመጣልኝ፤ ብረቱ ላይ ሳስጠጋው ተንሸራቶ ወደቀ። ኤም 1 የሚባለው የአሜሪካ ቆብ ነው። የተሠራው ሮበርት ሀድፊልድ የተባለ እንግሊዛዊ በ1882 እ.ኤ.አ. ከደረሰበት አረብ ብረት ሲሆን፣ ከመቶው 12 እጅ ያህሉ ማንጋኒዝ ነው። ማግኔት አይስበውም፤ በተመታ ቁጥር ደግሞ ይጠነክራል።

እኔን ያስደነቀኝ ይኸው ጠባዩ ነው። ጥይትን የሚቃወም ብረት ሠሪውንም ይቃወማል። ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር ብዙም የማያልፍ ክብ ላሜራ በማተሚያ መኪና ወደ 18 ሴንቲሜትር ጥልቀት ሲወርድ፣ እየተሳበ እየጠነከረ፣ እየጠነከረም አልሳብ እያለ ይሄዳል። ሠሪው መጠኑን ከሳተ ይሰነጠቃል፤ ተቀብቶ ከወጣ ከዓመታት በኋላ እንኳ ጠርዙ ላይ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ የሚወጣበት አለ። እማማ ቤት ያለው ግን ከግንባር እስከ ማጅራት መዳፌን ባዞርበት አንድም እብጠት፣ አንድም መጨማደድ የለውም። በጆሮ በኩል ወርዶ ወደ ኋላ ሲታጠፍ፣ እጥፋቱ ከየት እንደጀመረ ጣት አይለየውም። ከ20 ሚሊዮን በላይ ቆብ በተሠራበት በጦርነት ጥድፊያ ውስጥ እንዲህ መሥራት ለእኔ ትልቅ ጥበብ ነው። ቀለሙ በቀረበት ቦታ ደግሞ ጣቴን ሻከረኝ፤ ብርሃን እንዳያንጸባርቅ የተፈጨ ቡሽ ተነስንሶበታል።

ዘመኑን ጠርዙ ይናገራል። ዙሪያውን የሚከፍፈው ቀጭን ብረት ሁለቱ ጫፎቹ የሚገናኙት መጀመሪያ በግንባር በኩል ነበር፤ በ1944 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ላይ ወደ ኋላ ዞረ። የክፈፉም ብረት ያን ጊዜ ተለወጠ፤ የፊተኛው ዝገት የማይነካው ስለነበር ቀለም አልይዝ እያለ ያብለጨልጭ ነበር። የእማማ ቆብ መገጣጠሚያው ከኋላ ነው። የአገጩ ጠፍር የሚታሰርባቸው ቀለበቶችም ይወዛወዛሉ። የቀደሙት ደርቀው የተበየዱ ስለነበሩ፣ ወታደሩ ቆቡን ሲጥለው ወይም ሲቀመጥበት ከብየዳቸው ይነቀሉ ነበር፤ ማጠፊያ የተደረገላቸው ከ1943 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ ነው። ያቺን ትንሽ ማጠፊያ ደጋግሜ አወዛወዝኳት። ከዚያ ሁሉ ዝናብ በኋላ እንኳ አልያዘችም።

የውስጡ ቆብ፣ ጨርቅና ሙጫ ተጠፍጥፎ የሚሠራው፣ ለብቻው የሚወልቅ ነው። የብረቱ ዕቃ ያልተበሳው ስለዚህ ነው፤ ወታደርም ፊቱን ሲታጠብበት፣ ውሃ ሲቀዳበት ኖሯል። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ ደርሶ በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ሲመደብ በአሜሪካ ትጥቅ ነው የተዋጋው፤ በ1945 ዓ.ም. ከተፈረመው የመከላከያ ስምምነት በኋላ ደግሞ የአሜሪካ ዕቃ ወደ ሠራዊታችን ግምጃ ቤት በብዛት ገባ። የእማማ ባለቤት በጃንሆይ ወታደርነታቸው ይህን ቢያደርጉ የሚጣጣም ነው።

የቀረው ማኅተሙ ነበር። ከፊት ጠርዙ ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ላሜራው ከየትኛው የብረት ቅልጥ እንደወጣ የሚያሳይ ቁጥር ይመታል፤ አንዱ ቅልጥ እንከን ቢገኝበት ተለይቶ እንዲታወቅ። ከበላዩ የእንግሊዝኛ «ኤስ» ካለ የሴንት ሉዊሱ የሽሉተር ፋብሪካ ነው፤ ከሌለ የዲትሮይቱ ማክኮርድ። በጥፍሬ ጭቃውን ፈቀፈቅሁ። ቁጥሩ ቀስ እያለ ወጣ፤ ከላዩ ምንም የለም። «ዲትሮይት» አልኳቸው። እማማ መነጽራቸውን አስመጥተው ጎንበስ ብለው አዩት፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ቁጥሩን በእስክሪብቶ መዳፉ ላይ ጻፈው።