የተደበቀ ሰው ዋጋ፤ «ኤሊየን፡ አይሶሌሽን» በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ላይ የቀረበ ኂስ

የቪዲዮ ጨዋታ ለኂስ የሚበቃ ሥራ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ክርክር ውስጥ ለመግባት አሳባችን አይደለም። አንድ ሥራ ቁም ነገር ያለበት ጥያቄ ካስነሣ ጥያቄውን መመርመር ይገባል፤ በመጽሐፍ ቢቀርብም ሆነ በቴሌቪዥን መስተዋት ላይ ቢታይ ልዩነት አያመጣም። እዚህ የምንመረምረው «ኤሊየን፡ አይሶሌሽን» የተባለውን ጨዋታ ነው፤ ስሙ ወደ እኛ ቋንቋ ሲመለስ «ባዕድ ፍጡር፤ መነጠል» እንደ ማለት ነው። ሥራውን ያዘጋጀው በእንግሊዝ አገር በሆርሻም ከተማ የሚገኘው ክሪኤቲቭ አሴምብሊ ሲሆን፥ ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በኦክቶበር 2014 ለገበያ አውጥቶታል፤ ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። መነሻው ሪድሊ ስኮት በ1979 ያዘጋጀው «ኤሊየን» የተባለው ፊልም ነው።

ታሪኩ የሚፈጸመው በ2137 ነው። በፊልሙ ውስጥ ኖስትሮሞ ከተባለው የጭነት መርከብ ከጥፋት የተረፈችው ኤለን ሪፕሊ ደብዛዋ ከጠፋ 15 ዓመት ሆኖታል። ልጅዋ አማንዳ በመሐንዲስነት እየሠራች የእናትዋን ዱካ ትፈልጋለች። የኖስትሮሞ የጉዞ መዝገብ ተገኝቶ በሩቅ የጠፈር ጣቢያ መቀመጡን ስትሰማ ወደዚያ ትጓዛለች፤ ስትደርስ ግን ጣቢያው ፈርሷል፥ ሰዎቹ እርስ በርሳቸው ይፈራራሉ፥ በጣራውም ውስጥ አንድ አውሬ ይመላለሳል። የጣቢያው ስም ሴባስቶፖል ነው። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ የዐፄ ቴዎድሮስን መድፍ ማስታወሱ አይቀርም፤ ነገር ግን የክሪሚያን የወደብ ከተማ ስም ከመጋራት በቀር ሌላ ዝምድና የላቸውም። የሌሎቹ ስሞች ምርጫ ይበልጥ የሚያስደስት ነው። «ኖስትሮሞ» የጆሴፍ ኮንራድ ልብ ወለድ ስም ነው፤ አማንዳን ወደ ጣቢያው የምታደርሳት «ቶረንስ» ደግሞ ኮንራድ በወጣትነቱ በመኰንንነት ያገለገለባት ባለ ሸራ መርከብ ስም ናት። አውሬውን ያመጣችው መርከብ «አኔሲዶራ» ትባላለች፤ ይህም በግሪኮች ዘንድ የፓንዶራ ሌላ ስም ነው።

ጥንቃቄው በስም ብቻ አልቀረም። አዘጋጆቹ ከፊልሙ ባለቤት ከትዌንቲዝ ሴንቸሪ ፎክስ ብዙ የፊልሙን የመጀመሪያ ሰነዶች ተቀብለው ያጠኑ ሲሆን፥ በ1979 ሰው ሊያስበው የማይችለውን ዕቃ ሁሉ ከጣቢያው አውጥተዋል። የኮምፒዩተሩ መስተዋት ወፍራም ነው፤ ቁልፎቹ ሲጫኑ ይንቋቋሉ፤ ምስሉም ይንቀጠቀጣል፤ ይህንንም ያገኙት ሥዕሎቹን በቪዲዮ ካሴት ላይ ቀድተው በአሮጌ ቴሌቪዥን መልሰው በማጫወት ነው። ስለ መልኩ ይህን ያህል ካልን ይበቃናል፤ ሁሉም ሰው ያመሰገነው ነገር ስለ ሆነ።

ጨዋታውን ከብዙዎቹ የሚለየው አውሬውን መግደል የማይቻል መሆኑ ነው። ተጫዋቹ ሽጉጥ ያገኛል፤ ሽጉጡ ግን አውሬውን ከመጥራት በቀር አይጠቅምም። እሳት የሚተፋ መሣሪያም ያገኛል፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ ያባርረዋል እንጂ አይገድለውም፤ አውሬውም እሳቱን እየለመደ ሲሄድ መፍራቱ ይቀንሳል። «ጅብ ከሚበላህ ጅብ በልተህ ተቀደስ» የሚለው የአባቶች ምክር እዚህ አይሠራም። የቀረው መደበቅ ነው፤ በጠረጴዛ ሥር ተጎንብሶ ወይም በብረት ቁም ሣጥን ውስጥ ወደ ኋላ ተለጥፎ፥ ትንፋሽን ይዞ። ስለ መደበቅ ካነሣን ደግሞ ልጆች ሳለን የተጫወትነውን አኩኩሉ ማስታወስ ይጠቅማል። በአኩኩሉ ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ ይጠራል፤ ተደባቂዎቹም «አልነጋም» ይላሉ፤ እነርሱ ሳይደበቁ ፈላጊው አይነሣም። የሌሊቱ ርዝመት በተደባቂው እጅ ነው ማለት ነው። በሴባስቶፖል ግን «አልነጋም» ብሎ የሚመልስ ሰው ድምፁን በማሰማቱ ይሞታል።

ከጓደኞቻችን መካከል «ጨዋታው ያጭበረብራል፤ አውሬው የት እንዳለን አስቀድሞ ያውቃል» የሚሉ አሉ። ይህ ክስ ግማሹ እውነት ስለ ሆነ በጥንቃቄ መመልከት ይገባል። የአውሬው አእምሮ የተሠራው በሁለት ተከፍሎ ነው። አንደኛው ክፍል እንደ ቴአትር አዘጋጅ ከመጋረጃው በስተ ጀርባ የተቀመጠ ነው፤ ይህ ተጫዋቹ ያለበትን ቦታ ሁልጊዜ ያውቃል። ሁለተኛው ክፍል አውሬው ራሱ ነው፤ እሱ የሚያውቀው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ነው። አዘጋጁ ትክክለኛውን ቦታ አይነግረውም፤ «በዚያ አካባቢ ፈልግ» እንደ ማለት በግምት ያመለክተዋል እንጂ። ከዚህም ሌላ አዘጋጁ የተጫዋቹን ጭንቀት የሚገምትበት መለኪያ አለው፤ አውሬው በቅርብ ብዙ ጊዜ ሲያንዣብብ መለኪያው ይሞላል፤ ያን ጊዜ አውሬውን ወደ አየር መተላለፊያው ቧንቧ ይመልሰዋል። እንግዲህ ሁሉን የሚያውቀው አይገድልም፤ የሚገድለው ደግሞ ሁሉን አያውቅም። ይህ ማጭበርበር ሳይሆን ጥሩ ቴአትር ነው። አውሬው መጀመሪያ ያልነበሩትን አንዳንድ ጠባዮች እያደር ስለሚያሳይም፥ ተጫዋቹ «አሁን ጠባዩን አወቅሁት» ባለበት ሰዓት ይሞታል።

የፍርሃቱን ምንጭ ለማግኘት ሌላ አንድ ነገር እንጨምር። በ1986 ጄምስ ካሜሮን ያዘጋጀውን ሁለተኛውን ፊልም፥ በተለይ ረዘም ብሎ የወጣውን ቅጂ ያየ ሰው፥ አማንዳ በ66 ዓመትዋ እንደምትሞት አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም የሚለው ጥያቄ ገና ከመጀመሪያው መልስ ያገኘ ነው። ሆኖም እንፈራለን። ፍርሃቱ ከታሪኩ ፍጻሜ የሚመጣ ሳይሆን፥ ሊጠፋ ከሚችለው ከራሳችን ድካም የሚመጣ ነው። የደረስንበትን የምናስመዘግበው በግድግዳ ላይ በተሰቀለ መሣሪያ ነው፤ ካርድ ከገባ በኋላ ሦስት መብራቶች አንድ በአንድ እስኪበሩ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ በዚያን ጊዜ ዓለሙ አይቆምም፤ አውሬውም ከኋላ መጥቶ ሊገድል ይችላል። የግማሽ ሰዓት ሥራ በሦስተኛው መብራት ፊት ይጠፋል። ሦስት መብራት እንዲህ ያለ ኀይል ይኖረዋል ብሎ ማን ያስብ ነበር?

እዚህ ላይ ወደ ዋናው አሳባችን እንገባለን። በጣቢያው ውስጥ ከጥፋቱ የተረፉ ሰዎች አሉ። መሣሪያ ይዘዋል፤ እንግዳ ሲቀርባቸው «ተመለስ» ይላሉ፥ አልመለስ ሲላቸው ይተኩሳሉ። ክፉዎች ናቸው ለማለት አይቻልም፤ አማንዳ የምትፈራውን ያንኑ አውሬ ይፈራሉ። ሆኖም በነርሱ መካከል ማለፍ ግድ ነው። አማንዳ ከቁርጥራጭ ዕቃ የምትሠራው አንድ ድምፅ የሚያሰማ መሣሪያ አለ። ተጫዋቹ ይህን ወደ ሰዎቹ ወርውሮ ቢደበቅ፥ አውሬው ድምፁን ሰምቶ ከጣራው ይወርዳል፥ ሰዎቹንም አንድ በአንድ ይፈጃቸዋል። ተጫዋቹ በቁም ሣጥኑ ቀዳዳ እያየ ይጠብቃል። ሲያልቅ መንገዱ ባዶ ነው፤ ከሬሳዎቹም አጠገብ የሚጠቅም ዕቃ ይለቀማል። በመጀመሪያው ሰዓት የሚያስጨንቀው የሰው ጩኸት በአሥረኛው ሰዓት የምሥራች ይሆናል፤ አውሬው ሌላ ቦታ መሆኑን ያስታውቃልና።

የመጀመሪያው ፊልም ክፋት በአውሬው ላይ አልነበረም። ኩባንያው ለመርከቢቱ የሰጠው ምስጢራዊ ትእዛዝ አውሬውን ማምጣት ነበር፤ ሠራተኞቹ ቢያልቁም ግድ የለውም። ሰውን ለሌላ ጥቅም ሲባል ሊጠፋ እንደሚችል ዕቃ መቍጠር፥ የፊልሙ እውነተኛ አስፈሪ ነገር ይህ ነበር። ጨዋታው ያንኑ ሒሳብ ለተጫዋቹ በእጁ ሰጠው። ድምፅ ማሰሚያውን የሚወረውር ሰው ኩባንያው የሠራውን እየሠራ ነው፤ ልዩነቱ ኩባንያው በቢሮ ተቀምጦ ሲያዝ፥ ተጫዋቹ ላብ እያሰጠመው በቁም ሣጥን ውስጥ መሆኑ ብቻ ነው። ይህን የመሰለ ነገር ልብ ወለድ ሊነግረን ይችላል፤ ሊያሠራን ግን አይችልም። የጨዋታውን ታላቅነት የምናየው በዚህ ላይ ነው።

ደራሲዎቹ ይህን ፈጽሞ አላሰቡትም ማለት አይቻልም። አማንዳ በጣቢያው መጀመሪያ የምታገኘው አክስል የተባለ ሰው የሚረዳት በመርከብዋ እንድትወስደው ተዋውሎ ነው፤ ውሉ ግን አልተፈጸመም፥ አውሬው በጅራቱ ወግቶ ገደለው። የጣቢያው የጸጥታ ሹም ዌትስ ደግሞ በ10ኛው ክፍል፥ አውሬው ወጥመድ ውስጥ ሲገባ አማንዳ ከውስጥ እያለች ወጥመዱን ከጣቢያው ነጥሎ ወደ ጠፈር ይለቀዋል። አንድ ሰው ሰጥቶ ብዙዎችን ማዳን ነው አሳቡ። አኔሲዶራን ይዞ የመጣው ማርሎ አውሬዎቹን ለማጥፋት ሲል ጣቢያውን ከነሰዎቹ ለማውደም ይነሣል። የጣቢያው ኮምፒዩተር አፖሎ ሳይቀር፥ ጣቢያውን በገዛው በዌይላንድ ዩታኒ ኩባንያ ትእዛዝ አውሬውን ይጠብቃል፥ ሮቦቶቹም ሰዎችን ያንቃሉ። ሁሉም የሰውን ነፍስ በሒሳብ የሚያወራርዱ ናቸው።

የምንነቅፈው ይህ ነው። ታሪኩ ዌትስን ይከሳል፤ ተጫዋቹን ግን አንድ ጊዜ እንኳ አይጠይቅም። አማንዳ ስትከዳ ትቆጣለች፤ ከጥቂት ጊዜ በፊት በአገናኝ መንገዱ ላይ አራት ሰዎችን ለአውሬ የሰጠች ብትሆንም አንዳች ቃል አይወጣትም። ሰዎቹ ስም የላቸውም፤ ሲሞቱ የሚያነሣቸው የለም። ማንንም ሰው ሳይገድል ለጨረሰ ተጫዋች የሚሰጥ አንድ የክብር ምልክት አለ፤ ስሙም «ምሕረት ወይም ጥንቃቄ» ነው። «ወይም» የምትለዋ ቃል ዋናውን ጥያቄ ይዛለች፤ ጨዋታው ግን ጥያቄውን በሽልማት ስም ላይ ጥሎ አልፎታል።

«ተጫዋቹ መሣሪያውን ላለመወርወር ነጻ ነው፤ ስለዚህ ኀላፊነቱ የራሱ ነው» የሚል ተከራካሪ ይኖራል። ነጻነቱን አንክድም። ነገር ግን ነጻ ምርጫ ትርጉም የሚኖረው የመረጥነው ነገር ተከትሎን ሲመጣ ነው። እዚህ ምንም አይከተለንም፤ በር ተዘግቶ ሌላ ክፍል ይከፈታል።

የሥራውን ርዝመት ብዙ ተችዎች በ2014 ነቅፈውት ነበር። እኛም በዚህ እንስማማለን፤ ምክንያታችን ግን ሌላ ነው። ጨዋታው 18 ክፍሎች አሉት፤ ለመጨረስም ከ15 ሰዓት በላይ ሊፈጅ ይችላል። ከ10ኛው ክፍል በኋላ አውሬው ለጊዜው ይጠፋና ተጫዋቹ «ዎርኪንግ ጆ» ከሚባሉት ሮቦቶች ጋር ይቀራል። እነዚህ ፊታቸው እንደ ላስቲክ የሆነ፥ እያነቁ እንኳ በትሕትና የሚናገሩ ርካሽ መኪናዎች ናቸው፤ ለብቻቸው ቢታዩ የተዋጣላቸው ፍጥረቶች ናቸው። ነገር ግን ሮቦት ለአውሬ አይሰጥም፤ አውሬውም አይነካውም። የሰው ነፍስ የሚለወጥበት ገበያ ሲዘጋ ጨዋታው ተራ የማምለጥ ሥራ ይሆናል፤ ከዚያም ወዲህ ወዲያ እየሮጡ ማብሪያና ማጥፊያ መጫን ነው። ወደ መጨረሻው ገደማ አማንዳ እናትዋ የተወችላትን መልእክት ትሰማለች፤ ድምፁም በፊልሙ የተጫወተችው የሲጎርኒ ዊቨር ነው። ሰባት ወይም ስምንት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢመጣ ልብ በነካ፤ በዚያን ሰዓት ግን ተጫዋቹ ደክሟል።

የሥራው መሪ የነበሩት አል ሆፕ፥ ጨዋታው 10 ዓመት በሞላበት በኦክቶበር 2024፥ ተከታዩ ክፍል መጀመሩን አስታውቀዋል። ከርሱ የምንጠብቀው የበለጠ ብልኅ አውሬ ወይም የበለጠ ጥርት ያለ ምስል አይደለም። በዚያ በጨለማው አገናኝ መንገድ ላይ ጠመንጃ ይዘው ከሚንቀጠቀጡት ሰዎች መካከል ቢያንስ አንዱ ስም እንዲኖረው፥ ስሙንም አውሬው ከመውረዱ በፊት እንድንሰማው እንፈልጋለን።