የአዝማቹ ቋንቋና የስንኙ ቋንቋ፦ ስለ ኒው ሀልፋ የኑብያውያን ሰርግ አገላለጽ የቀረበ ሂስ

በአማርኛ የሰርግ ሥርዓት «ቅልቅል» የአንድ ዝግጅት ስም ነው። የወንዱና የሴቷ ወገኖች በየቤታቸው ከደገሱ፣ ከሸኙና ከተቀበሉ፣ መልሱም ከተደረገ በኋላ ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ማዕድ የሚተዋወቁበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት ያለው ዘፈን፣ ምርቃትና ሽሙጥ የየወገኑ ነው። በሁለት ቋንቋ የሚካሄዱ ሰርጎችን የሚገልጹ የቋንቋ ጽሑፎች ግን «ቅይጥ» የሚለውን ቅጽል ከመጥሪያ ወረቀቱ ጀምረው እስከ መጨረሻው ጭፈራ ድረስ ለሁሉም ነገር ያውሉታል። ቅጽሉ ስሕተት አይደለም፤ ቦታና ጊዜ የለሽ መሆኑ ነው ችግሩ። በምሥራቅ ሱዳን የሚኖሩት የኒው ሀልፋ ኑብያውያን ሰርግ ይህን ችግር ከብዙ ምሳሌዎች ይልቅ አጉልቶ ያሳያል።

ኒው ሀልፋ የተመሠረተችው በውኃ ምክንያት ነው። ግብጽና ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1959 የናይልን ውኃ ለመከፋፈል ከተስማሙ በኋላ የአስዋን ከፍተኛ ግድብ የሚያጥለቀልቀው የዋዲ ሀልፋ አካባቢ ነዋሪ፣ ቁጥሩ 50,000 ገደማ የሚሆን ሕዝብ፣ ከ1964 ጀምሮ በባቡር ተጭኖ በአትባራ ወንዝ ላይ በተሠራው በኻሽም አል-ጊርባ ግድብ ወደሚለማው ሜዳ ተወሰደ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ቢለካ ከ800 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የዋዲ ሀልፋ ሰው ዝናብን እምብዛም አያውቅም ነበር፤ አዲሱ አገር ዝናብ አለው፣ ተምሩ ግን የለም። አዲሶቹ መንደሮች በቁጥር ተሰየሙ። ጎረቤቶቹም ሹክሪያ፣ ቤጃ፣ ሐውሳና ሌሎች ስለሆኑ ዓረብኛ ከመንግሥትና ከትምህርት ቤት ቋንቋነት አልፎ የጎረቤት መግባቢያ ሆነ። ኖቢን በቤት ውስጥ ቀረ፤ ከቤት ወጥቶ በአደባባይ ከሚሰማባቸው ጥቂት አጋጣሚዎች አንዱ ሰርግ ነው።

የሰርጉን ቋንቋዎች ከፋፍሎ ለሚያይ የመጀመሪያው ክፍፍል ቀላል ነው። ኒካሑ በዓረብኛ ይታሰራል፤ ፋቲሐም በዓረብኛ ይቀራል። ጥሪው፣ የመንግሥት ምዝገባውና ከሌላ ብሔር ለመጡ እንግዶች የሚደረገው ንግግርም እንዲሁ። ከዚህ ቀጥሎ ያለው ግን ቋንቋን ከባህል ጋር አንድ አድርጎ የሚቆጥረውን ያስቸግራል። ሙሽሮቹ ቀይ ለብሰው፣ ቀይ የሐር ክር እጃቸው ላይ ታስሮላቸው፣ ወተት ጎንጭተው እርስ በርስ የሚረጫጩበት ጅርትግ የተባለው ሥርዓት የሱዳን ሰፊ ሕዝብ የጋራ ልማድ ነው፤ ሥሩን ከጥንታዊው የናይል ኑብያ ጋር የሚያያይዙት ብዙዎች ናቸው። ዘፈኑ ግን በአብዛኛው ዓረብኛ ነው። ታዲያ ጅርትጉ ከ«ሁለቱ ባህሎች» በየትኛው ወገን ይመዝገብ? በቃላቱ ከተቆጠረ ዓረብ ነው፤ በሥርዓቱ ከተቆጠረ ቢያንስ በከፊል ኑብያዊ ነው። ቋንቋ ቆጥሮ ባህል የሚያካፍል ዘገባ ከዚህ ላይ መቆም ነበረበት፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሁለት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ሠርቶ ያልፋል።

የትርጉም ጉዳይም ከዚሁ ጋር ይያዛል። የሱዳንን ሰርግ በአማርኛ የሚገልጽ ጸሐፊ ሂናውን «እንሶስላ» ቢለው አንባቢው ወዲያው ይገባዋል፤ ሁለቱም የሙሽራን እጅና እግር ያቀላሉና። ተክሎቹ ግን የተለያዩ ናቸው፤ ሥርዓታቸውም እንዲሁ፤ ሂና በሱዳን የራሱ ሌሊት አለው። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው «አማን» ነው። ቃሉ በኖቢን ውኃ ማለት ነው፤ ናይልም በዚሁ ስም ይጠራል። (የአማርኛ ጆሮ ሰላምን ሊሰማበት ይችላል፤ በሁለቱ ቃላት መካከል ግን ከድምፅ መመሳሰል ያለፈ ዝምድና መፈለግ አይገባም።) በቀድሞው ኑብያ የሰርግ ሥርዓት ሙሽሮች ወደ ወንዙ ወርደው ውኃውን ይነኩ ነበር። በኒው ሀልፋ ናይል የለም፤ ያለው ከአትባራ የሚጠለፍ የመስኖ ቦይ ነው፤ ውኃውም ከተከዜ፣ ከአንገረብና ከጓንግ፣ ማለትም ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርድ ነው። አሮጌው ስንኝ «አማን» ሲል የጠፋውን ወንዝ ነው ወይስ ከደጅ ያለውን ቦይ? በትርጉም ዓምዱ ላይ «ናይል» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለመጀመሪያው፣ «ውኃ» የሚል ለሁለተኛው ይፈርዳል። ስደቱን ያየው ትውልድና በቦዩ ዳር የተወለደው ትውልድ ተመሳሳይ ቃል እየዘፈኑ የተለያየ ነገር ሊያስቡ እንደሚችሉ የሚያሳየው ግን ሁለቱንም ትርጉሞች ክፍት የሚተው መዝገብ ብቻ ነው።

ዋናው ነቀፌታ ስለ ዘፈኑ አወቃቀር ነው። የሰርግ ዘፈን በአማርኛም ሆነ በኑብያ አገር አንድ አውጪና ብዙ ተቀባይ አለው። አውጪዋ ስንኝ ትሰጣለች፤ ሕዝቡ አዝማቹን ይመልሳል። አዝማች ቋሚ ነው፤ ሁለት ሦስት ጊዜ የሰማ እንግዳ ቋንቋውን ባያውቅም ይቀበለዋል። በገዳሪፍ ወይም በመተማና በገላባት መስመር በአንድ የአማርኛ ሰርግ ላይ የተገኘ ሱዳናዊ እንግዳ «ሙሽራዬ» ብሎ ለመመለስ አማርኛ መማር አያስፈልገውም። ስለዚህ አዝማች የቋንቋ ዕውቀት ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ሆኖም ድምፅ መቅጃው ከሕዝቡ መካከል ስለሚቀመጥ ጎልቶ የሚገባው አዝማቹ ነው፤ አጥኚውም ልጆቹ በኖቢን መመለሳቸውን ሰምቶ ቋንቋው ከትውልድ ወደ ትውልድ እየተላለፈ ነው ይላል። እንዲህ ዓይነቱ ድምዳሜ በሕይወት ላሉት ተናጋሪዎች ደግነት ሊመስል ይችላል፤ ውጤቱ ግን የእርዳታን ጊዜ ማሳለፍ ነው።

መጠየቅ ያለበት ስንኝ የሚያወጣው ማን እንደሆነ ነው። የሙሽሪትን አክስት ጠርቶ ለማሞገስ፣ የዘገየውን ሙሽራ ለመሸንቆጥ በዚያች ቅጽበት አዲስ ስንኝ መፍጠር ያስፈልጋል፤ ይህም የግሥ እርባታን፣ የዝምድና ቃላትንና የድምፅ ቃናን በአንድ ላይ ማዘዝ ማለት ነው። ኖቢን እንደ አማርኛ ግሡን በዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ የሚያኖር ቋንቋ ነው፤ ስለዚህ በስንኝ ማብቂያ ላይ የግሥ መድረሻ ለመዋል ይቀርባል፤ ሰውየው «አንተ» ይሁን «እሱ»፣ ድርጊቱ ያለፈ ይሁን የሚመጣ የሚለየው እዚያ ላይ ነው። የዓረብኛ ስንኝ ብዙ ጊዜ በስም ያበቃል። አንዲት ወጣት ከኖቢን አዝማች ጋር የዓረብኛ ስንኝ ስታጋጥም፣ ዘፈኑ ለጆሮ «ቅይጥ» ይሆናል፤ በቋንቋ ሚዛን ግን የፈጠራው ክፍል ሙሉ በሙሉ ወደ ዓረብኛ ተሻግሯል። የቃላትን ብዛት በመቶኛ የሚያሰላ ትንተና ይህን ሊያየው አይችልም፤ አዝማቹ ስለሚደጋገም እንዲያውም ኖቢን አብላጫውን የያዘ ያስመስላል።

የመሐመድ ወርዲ ምሳሌ በተቃራኒው ሊቀርብ ይችላል። በ1932 በሰዋርዳ የተወለደው ይህ ዘፋኝ በኖቢንም በዓረብኛም ዘፍኗል፤ በኢትዮጵያም ብዙ አድማጭ ነበረው፤ ማንም አንዱ ቋንቋ ሌላውን እንዳጠፋበት አይናገርም። መልሱ ወርዲ በሁለቱም ቋንቋዎች አውጪ ነበር የሚል ነው። ችግሩ የሚጀምረው የተቀዳው የኖቢን ዘፈን በድምፅ ማጉያ ሲለቀቅና አዳራሹ በሙሉ ተቀባይ ሲሆን ነው።

ከካርቱምና ከባሕረ ሰላጤ አገሮች ለሰርግ ወደ ኒው ሀልፋ መንደሮች መመለስ የቆየ ነገር ነው። በሚያዝያ 2023 የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን ለሁለትና ለሦስት ቀን ይመጡ የነበሩትን ለወራትና ለዓመታት አመጣቸው። ዓረብኛ ብቻ የሚናገር የካርቱም የልጅ ልጅና አሽኬትን ወይም ደበይራን በስም ጠርታ የምትገጥም አያት በአንድ ድንኳን ይገኛሉ፤ ልጁ የሚያውቀው የመንደሩን ቁጥር ነው። ድምፅ መቅጃ ይዞ የሚሄድ ተመራማሪ በዚህ ወቅት ከከበሮው አጠገብ ከሚቀመጥ ይልቅ ሴቶቹ ከሰርጉ በፊት ባለው ምሽት ስንኝ ከሚለማመዱበት ጓዳ ቢቀመጥ፣ የትኛዋ እንዳወጣች፣ የትኛዋ እንዳረመቻት፣ ልጁ «ምን አለች?» ብሎ ሲጠይቅ በየትኛው ቋንቋ እንደተመለሰለት ሊመዘግብ ይችላል።