«አደጋ» ከመድረሱ በፊት የማን ነው?

እንግሊዝኛው «ሪስክ» ለሚለው ነገር አማርኛችን ሁለት ጎረቤት ቃላት አሉት፤ «አደጋ» እና «ስጋት»። አደጋ ስንል አብዛኛውን ጊዜ የደረሰውን ነገር ነው፤ መኪና ተገለበጠ፣ ቤት ተቃጠለ። ስጋት ደግሞ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ስሜት ነው። መንግሥት ሁለቱን አጋጥሞ የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን የሚባል መሥሪያ ቤት አለው። እኔ በሶፍትዌር ሥራ የለመድኩት ትርጉም ስሌት ነው፤ የመድረሱ ዕድል ሲባዛ በሚያደርሰው ጉዳት። ሦስቱም ግን አንድ ጥያቄ ይዘላሉ፦ ቢደርስ ማን ይሸከመዋል?

ይህን ጥያቄ በደንብ የሚጠይቀው፣ የሚገርመው፣ ሕጉ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት ራሱ ምንም ባያጠፋም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ከሮቤ ጎባ የሚመላለስ ሚኒባስ እግረኛ ቢገጭ፣ ባለቤቱ «እኔ እቤቴ ነበርኩ» ማለቱ አያድነውም። መኪናውን መንገድ ላይ አውጥቶ ጥቅሙን የሚያገኘው እሱ ስለሆነ ሸክሙም የእሱ ነው። የ3ኛ ወገን መድን ግዴታ ሲሆን ደግሞ ያ ሸክም ለባለመኪናዎች ሁሉ ተከፋፈለ።

«መድን» የሚለው ቃል ግን ከሚችለው በላይ ቃል ይገባል። «መዳን» በጆሮ ይሰማበታል። ውሉ የሚሰጠው ማዳን ሳይሆን በተወሰነ ጣሪያ ሥር ገንዘብ ነው፤ እሱም የሚሠራው ሁሉም ሰው በአንድ ቀን ስለማይቃጠል ነው። ዕድርም፣ ከብቱ ያለቀበትን ሰው ዘመድ ጎረቤት አዋጥቶ የሚያቋቁምበት የኦሮሞ ቡሳ ጎኖፋም ያው ናቸው። ለአንዱ ለመስጠት ሌላው ሊኖረው ይገባል።

ባሌ ላይ ይህ ሒሳብ ተፈትኗል። በ2003 ዓ.ም. ምርት ዘመን ቢጫ ዋግ በብዛት ይዘራ የነበረውን ኩብሳ የተባለ የስንዴ ዝርያ መታ። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. በባሌና በአርሲ ሌላ የግንድ ዋግ ዓይነት መጣና ዲገሉን ለይቶ ጣለው። እዚህ ታሪክ ውስጥ ግዴለሽ ሰው የለም። እያንዳንዱ ገበሬ በጊዜው የተሻለውን ዘር መረጠ። የሁሉም ትክክለኛ ምርጫ ተደምሮ ግን አንድ ትልቅ አደጋ ሆነ፤ ጎረቤትም ተበዳሪ፣ ዕድርተኛም ተበዳሪ።

«መድን ይግባላቸዋ!» የሚል አይጠፋም። በ2004 ዓ.ም. ኦሮሚያ ኢንሹራንስ በቦረና የከብት መድን ሲጀምር የሞተ ከብት የሚቆጥር ሰው አላስፈለገውም፤ ሳተላይት የግጦሹን አረንጓዴነት ይለካል፣ ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ይከፈላል። ለድርቅ ጎበዝ ሐሳብ ነው። እንዳለ ወደ ሲናና ስንዴ ብናመጣው ግን ዋግ እርጥበት ይወዳል። ዝናቡ ጥሩ፣ የሳተላይቱ ምስል አረንጓዴ፣ ፍሬው የተጨማደደ፤ ክፍያ የለም። ውሉ «አደጋ» የሚለው ድርቅን ነው፣ ገበሬው «አደጋ» የሚለው ባዶ ጎተራን።

የማዳበሪያ ብድር ያለበት ሰው «ከዐቅም በላይ ሆነብኝ» ቢል ደግሞ አንቀጽ 1792 አለ፤ አስቀድሞ ሊታሰብ ይችል የነበረን ነገር ሕጉ ከዐቅም በላይ አይለውም። ዋግ ባሌ ውስጥ እንግዳ ስላልሆነ ክርክሩ ይከብደዋል። ባለመኪናውን «ጥቅሙን ካገኘህ ተሸከም» ያለው ሕግ፣ ገበሬውን «ታውቀው ነበር፣ ተሸከም» ይለዋል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

አንድ ሰው ግን መሬቱን ከፍሎ ሁለት የስንዴ ዝርያ፣ ዳር ላይ ባቄላ ቢዘራስ? ኮምባይነር ሰፊና አንድ ወጥ ማሳ ስለሚወድ ሥራው ይበዛበታል፤ በጥሩ ዓመት ከጎረቤቱ ያነሰ ያገኛል። ያ ልዩነት አረቦን ነው። በሽታው ከማሳ ወደ ማሳ እንዳይሮጥ ስለሚያዘገየው ጎረቤቶቹም ይጠቀማሉ። ከፋዩ ግን ብቻውን ነው፤ ደረሰኝም የሚቆርጥለት የለም። ስለ አደጋ በአማርኛ የሚጻፉ ፖሊሲዎችና ሪፖርቶች የደረሰውን ጉዳት ይቆጥራሉ። ይህን ሰው የሚቆጥር ዓምድ ቢኖራቸው ደስ ይለኛል።