የጀረንድና የስም ትይዩ አደራደር፤ በሸማ ተራ ቃላት የተደረገ ምርመራ

እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት የተማረ ሁሉ አንድ ደንብ በቃሉ ይዟል። ይኸውም በ«ኤንድ» ተያይዘው የሚደረደሩ ቃላት አንድ ዓይነት ቅርጽ ሊኖራቸው ይገባል የሚለው ነው። የመጀመሪያው ቃል በ«ኢንግ» የሚጨርስ ጀረንድ ቢሆን የሚከተሉትም ጀረንድ፣ የመጀመሪያው ስም ቢሆን የሚከተሉትም ስም መሆን አለባቸው ይባላል። ደንቡ ለጀማሪ የሚጠቅም መሆኑን አንክድም። ነገር ግን እንደ ሕግ ሲሠራበት ጥፋት የሌለበትን ዐረፍተ ነገር እየያዘ ጥፋት ያለበትን እንደሚለቅ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

አስቀድመን የስሙን ነገር እንለይ። «ጀረንድ» የሚለው ስም ለአማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ሁለት ነገር ያመለክታል። ማርሴል ኮሄን በ1936 እ.ኤ.አ. በታተመው፣ ቮልፍ ሌስላውም በ1995 እ.ኤ.አ. በታተመው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው በዚህ ስም የጠሩት እኛ ቦዝ አንቀጽ የምንለውን «ሸምኖ»፣ «ጠልፎ» የሚለውን ነው። የእንግሊዝኛው ጀረንድ ግን በሥራው የሚቀርበው ለአርእስቱ፣ ማለት ለ«መሸመን» እና ለ«መጥለፍ» ነው። ይህን ያልለየ ተማሪ ደንቡን ገና ሳይጀምረው ይሰናከላል።

አሁን ደንቡን በገበያ ቃላት እንፈትነው። በመርካቶ ያለው ሸማ ተራ ለዚህ ምርመራ የተመቸ ስፍራ ነው፤ የሸማ ሙያ ለሥራውም ለዕቃውም የየራሱ ቃል አለውና። አንድ ባለሱቅ በበሩ ላይ «ሽመና፣ ጥልፍና ጥለት» ብሎ ቢያስጽፍ፣ ሦስቱም ስሞች ስለሆኑ በደንቡ መሠረት እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ «ሽመና» የሥራ ስም ነው። «ጥለት» ደግሞ በሸማው ዳር ከድሩና ከማጉ ጋር አብሮ የሚሠራው ጌጥ ነው፤ ሥራ ሳይሆን ዕቃ ነው። በመካከል ያለው «ጥልፍ» ግን ሁለቱንም ይሆናል፤ በመርፌ የሚሠራውን ሥራም፣ ተሠርቶ ያለቀውን ጌጥም እንጠራበታለን። ልጇን የምትድር እናት ያልተጠለፈ ቀሚስ ይዛ ብትመጣ፣ ሱቁ ጥልፍ ይሠራላት እንደሆነ ወይም የተጠለፈ ቀሚስ ብቻ ይሸጥ እንደሆነ ከጽሑፉ ልታውቅ አትችልም። ቅርጹ ተመሳስሎ ሳለ ትርጉሙ ተለያይቷል።

በአንጻሩ ሌላ ባለሱቅ «እዚህ መሸመን፣ መጥለፍና ስፌት እናስተምራለን» ቢል፣ ሁለት አርእስትና አንድ ስም ስለ ደባለቀ መምህሩ በቀይ ቀለም ያሰምርበታል። ጽሑፉ ለጆሮ ጥቂት ይጎረብጥ ይሆናል፤ ነገር ግን ሦስቱም ሙያ መሆናቸው ግልጽ ስለሆነ ማንም አንባቢ አይሳሳትም።

በእንግሊዝኛም ነገሩ ይኸው ነው። «ዊቪንግ ኤንድ ኢምብሮይደሪ» የሚለው አንድ ጀረንድና አንድ ስም ቢይዝም የተለመደ አነጋገር ነው። ደንቡን ለመሙላት ሲባል «ኢምብሮይደሪ» የሚለውን ትቶ «ኢምብሮይደሪንግ» ማለት ዐረፍተ ነገሩን ያከብደዋል እንጂ አያሻሽለውም። «ዊቪንግ፣ ዳይንግ ኤንድ ክሎዚንግ» ብሎ መደርደር ግን በቅርጽ ያልፋል፤ ሦስቱም በ«ኢንግ» ይጨርሳሉና። ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሽመናና ማቅለም ሲሆኑ ሦስተኛው የሚለበስ ልብስ ነው።

እንግዲህ ደንቡ ፈጽሞ አያስፈልግም ማለት ነውን? አይደለም። ደንቡ በእርግጥ የሚያስፈልግበትን ቦታ የሚያሳየን ከውጭ የመጣ መጽሐፍ ሳይሆን የገዛ ቅኔ ቤታችን ትምህርት ነው። የግዕዝ መምህራን ከግስ የሚወለደውን ስም ሳቢ ዘርና ጥሬ ዘር ብለው ይለያሉ፤ ሳቢው ሌላ ስም ወደ ራሱ ይስባል፣ ጥሬው አይስብም። ይህን መለያ ተውሰን ወደ አማርኛው ብንመጣ «ቀሚሱን መጥለፍ» ይባላል፤ «ቀሚሱን ጥልፍ» ግን አይባልም፤ የሚባለው «የቀሚሱ ጥልፍ» ነው። የእንግሊዝኛውም ጀረንድ «ዊቪንግ ክሎዝ» ሲባል ሳቢ ነው፤ «ዘ ዊቪንግ ኦቭ ክሎዝ» ሲባል ግን ያው ቃል እንደ ጥሬ ስም ይሆናል።

አደጋው የሚመጣው ሳቢው ቃል በአጠገቡ የቆመውን ጥሬ ስም አብሮ ሲስበው ነው። «ዊቪንግ ክሎዝ ኤንድ ኢምብሮይደሪ» የሚለውን ያነበበ ሰው፣ ጥልፉ ሁለተኛ ሙያ ይሁን ወይም ከጨርቁ ጋር የሚሸመን ሌላ ዕቃ ይሁን ይጠራጠራል። ጥልፍ በመርፌ እንጂ በሸማኔ መወርወሪያ እንደማይሠራ የሚያውቅ ብቻ ከስሕተት ይድናል። እዚህ ላይ ሁለቱን ማስተካከል ግዴታ ነው፤ ወይ «ዊቪንግ ክሎዝ ኤንድ ኢምብሮይደሪንግ ድሬስስ»፣ ወይ «ዊቪንግ ኤንድ ኢምብሮይደሪ» ማለት ይገባል።

ከዚህ የተነሣ መምህራን ደንቡን ሲያስተምሩ ጥያቄውን ቢለውጡ መልካም ነው እንላለን። ተማሪው «ቃላቱ መጨረሻቸው አንድ ነውን?» ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ «ሁሉም ሥራ ናቸው ወይስ ሁሉም ዕቃ? ከእነርሱስ ጎረቤቱን የሚስብ አለን?» ብሎ ይጠይቅ። የመርካቶ ነጋዴም ሸቀጡን በየተራው የለየው በዚህ ዓይነት ነው፤ ጋቢና ነጠላ በውፍረት ቢለያዩም ሁለቱም ሸማ ስለሆኑ በሸማ ተራ አብረው ይሸጣሉ። በእንግሊዝኛ እየተማረ በአማርኛ የሚያስብ ተማሪ ይህን መለያ ከቋንቋው ይዞት መጥቷልና፣ በቀይ ቀለም ከመደንገጥ ይልቅ በዕውቀቱ ቢጠቀምበት ሁለቱንም ቋንቋ አጥርቶ ለመጻፍ ይረዳዋል።