ቆርኪው ማን እጅ ገባ?

አብደራፊ በጥቅምት መቆሚያ የላትም። ሰሊጥ ጥቂት ቀን ካለፈው ይረግፋል፤ ስለዚህ ከደጋ የወረደው የቀን ሠራተኛ ማጭዱን ይዞ ከተማዋን ሞልቷታል። እንዲህ ያለ ገበያ ያየ የማስታወቂያ ሰው ምራቁን ይውጣል። እኔም ውጫለሁ።

የወረድኩት ለአንድ የለስላሳ መጠጥ አከፋፋይ የሽልማት ዘመቻ ላዘጋጅ ነበር። አሠሪዎቼ ትልቁን ፈለጉ፤ ገዢው ኩፖን ሞልቶ ሳጥን ውስጥ ይከታል፣ ዕጣው በጥር ጎንደር ላይ ይወጣል፣ ሽልማቱ ባጃጅ ነው። ወረቀት ላይ ያምራል፤ እኔም ተስማማሁ። ዕጣው የደረሰው ሰው ግን ስልኩ አይሠራም። ሥራው አልቆ አገሩ ገብቷል፣ ሲም ካርዱንም ቀይሮ ይሆናል። ባጃጁ ለተጠባባቂው ዞረ፤ ተጠባባቂው ደግሞ የጎንደር ነጋዴ ሆኖ ተገኘ። አብደራፊ ላይ «ለራሳቸው ሰው ሰጡት» ተባለ። ሐሰት ነበር፤ ግን ማን ይመነን?

ከዚያ ወዲህ ዘመቻ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምቆጥረው ከግዢው እስከ ሽልማቱ ያለውን ቀን ነው። የባንክ «ይቆጥቡ ይሸለሙ» ወራት ቢወስድ ችግር የለውም፤ ስሙም ስልኩም ገንዘቡም ባንኩ ጋ ነው። ሰሊጥ አጭዶ ለሚሄድ ሰው ግን ሽልማቱ እዚያው ሱቁ ደጃፍ እጁ መግባት አለበት፤ ተፍቆ በሚታይ ካርድ ወይም ከቆርኪ ሥር።

ቆርኪም የራሱ ጣጣ አለው። በዚያ ሙቀት ለስላሳ የሚጠጣው እዚያው ነው፤ ጠርሙሱን የሚከፍተው ደግሞ አስተናጋጁ። ውስጡን አየት አድርጎ ወደ ኪሱ የሚከት አይቻለሁ፤ ደመወዙን ስለማውቅ አልፈረድኩበትም። አሸናፊ ቆርኪ ከደንበኛ ተቀብሎ ለሚያስመዘግብ አስተናጋጅ የራሱን ድርሻ መደብን፤ ስርቆቱ ባይጠፋም ቀነሰ።

ሽልማቱንም አሳነስነው፤ የሞባይል ካርድ፣ የግንባር ባትሪ፣ ቲሸርት፣ ጥቅጥቅ ያለ አጎበር። አሠሪዬ አጎበሩን ሲያይ «ጤና ጣቢያ ከፈትን እንዴ?» አለ። ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ግን ካላዛርን የምታስተላልፈውን የአሸዋ ዝንብ ያውቃታል። ቲሸርቱ ሲተርፍ አጎበሩ አለቀ።

ትንሽ ሽልማት ከወረቀት ጣጣም ያሳርፋል። ፈቃዱ አይቀርም፤ እንዲህ ያለ ዕጣ ሎተሪን ከሚቆጣጠረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ፈቃድ ይፈልጋል። ግብሩ ግን ይለያል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ከዕድል ጨዋታ የተገኘ ገቢ 15 በመቶ ሲከፈልበት፣ ከ1,000 ብር በታች ያለው ነፃ ነበር። ባጃጅ ደረሰህ ያሉትን የቀን ሠራተኛ «መጀመሪያ ግብሩን ክፈል» ማለትን አስቡት።

ሽልማቱ ትንሽ ከሆነ የዕጣው ቁጥር ቢሳሳትም ኪሳራው ይቻላል፤ ትልቅ ሲሆን ግን አደጋ ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. ፊሊፒንስ ውስጥ ፔፕሲ የ1 ሚሊዮን ፔሶ አሸናፊ ብሎ ያወጀው 349 ቁጥር በመቶ ሺዎች በሚቆጠሩ ቆርኪዎች ላይ ታትሞ ተገኘ። ረብሻው የሰው ሕይወት ቀጥፏል።

በቅርቡ አንድ ነጋዴ ደውሎ «ለሰሊጥ አጫጆች መኪና እንሸልም» አለኝ። ዕጣው መቼ እንደሚወጣ ጠየቅኩት።

«ለፋሲካ።»

«ያኔ አብደራፊ ላይ ማን ይኖራል?» አልኩት። ሳቀና የግንባር ባትሪ ዋጋ ስንት እንደሆነ ጠየቀኝ።